በዎሊንግፎርድ ከተማ፤ በልደት ሰሞን ስለ ተነበበ አንድ የምሥጢር መጽሐፍ

ሰው ወደ ሩቅ አገር በሄደ ጊዜ ታላላቆቹን ከተሞች፥ ግንቦቹንና አደባባዮቹን ለማየት ይቸኵላል፤ በትንሿ ከተማ ግን ባቡሩ ቢቆምም እንኳ አይወርድም። እኛም እንደዚሁ ነበርን። ባለፈው ታኅሣሥ ለትምህርት በለንደን የምትኖረውን ልጃችንን ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ፥ ከዚያ ወጥተን ዎሊንግፎርድ የምትባለውን ትንሽ ከተማ እንድናይ ያደረገን አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ነው። ስለ ከተማዪቱም ስለ መጽሐፉም ያየነውንና ያሰብነውን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እንጽፋለን።

ነገሩ የተዠመረው በተግሣጽ ነው። የእንግሊዞች የልደት በዓል ከእኛው ዐሥራ ሦስት ቀን ቀድሞ፥ በታኅሣሥ 16 ቀን ይውላል። በዓሉ በተቃረበበት ሰሞን ልጃችን ማታ ማታ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ስታነብ አየንና መጽሐፉ ስለ ምን እንደሚናገር ጠየቅናት። በልደት ዋዜማ ስለ ተገደለ አንድ ሽማግሌ ነው አለችን። እኛም «አንቺ ልጅ፥ በልደት በዓል ስለ ግድያ ማንበብ ምን ደስታ አለው?» ብለን ገሠጽናት። እርስዋም «አባባ፥ ሳያነቡ አይፍረዱ» ብላ መጽሐፉን በእጃችን አኖረችው።

መጽሐፉ «የኤርኩል ፕዋሮ የልደት በዓል» ይባላል፤ አጋታ ክሪስቲ የተባለችው እንግሊዛዊት ደራሲ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1938 ዓመት ያሳተመችው ነው። ስምዖን ሊ የተባለ ባለጸጋ ሽማግሌ ከብዙ ዘመን ዠምሮ የተለያዩትን ልጆቹን ለበዓሉ ወደ ቤቱ ይጠራቸዋል፤ ከተሰበሰቡም በኋላ በልደት ዋዜማ በሩ ከውስጥ በተቈለፈ ክፍል ውስጥ ተገድሎ ይገኛል። ታሪኩ በሰባት ቀን ይፈጸማል፤ ክፍሎቹም በየቀኑ ተሰይመዋል። ደራሲዪቱ መጽሐፉን ያበረከተችው ለእኅትዋ ባል ለጄምስ ነው፤ እርሱ የምትጽፈው ግድያ ኹሉ ደም አልባ እየኾነ ሄደ ብሎ አማርሮባት ነበርና። አባትዋ በ1901 ከሞተ በኋላ የልደትን በዓል የምታሳልፈው በዚሁ በጄምስ ቤተ ሰብ ታላቅ ቤት ስለ ነበረ፥ የበዓልን ደስታና የማዕዱን ብዛት በሚገባ ታውቃለች።

በመዠመሪያው ሌሊት መጽሐፉን ያነሣነው ልጃችንን ለመርታት ነበረ። በኹለተኛው ሌሊት ግን መብራቱን እንድናጠፋ የምትለምነን እርስዋ ኾነች። አንዱን ልጅ ጠርጥረን ስንፈርድበት፥ ከጥቂት ገጽ በኋላ ንጹሕ ይኾንብናል፤ ደግሞ ሌላውን እንይዛለን። ልጃችንም መጨረሻውን ታውቅ ነበርና ትሥቅብን ነበር። ገዳዩ ማን እንደ ኾነ ግን እዚህ አንናገርም፤ ይህን የሚናገር ሰው ለሌላ የተዘጋጀውን ማዕድ እንደ ገለበጠ ይቈጠራል።

መጽሐፉን በፈጸምን ማግሥት ልጃችን፥ «እንግዲህ ደራሲዪቱ የኖረችበትን ከተማ ልናይ ይገባናል» አለችን፤ በማለዳም ከፓዲንግተን ጣቢያ ተሳፈርን። ይህም ጣቢያ በደራሲዪቱ መጽሐፍ ስሙ የተነሣ ነው፤ በ1957 ባሳተመችው ታሪክ አንዲት ሴት ለልደት በዓል ገበያ ውላ ከዚህ ተነሥታ ስትመለስ፥ ጐን ለጐን በሚሄድ ሌላ ባቡር ውስጥ አንድ ሰው ሴትን ሲያንቅ በመስኮት ታያለች። ይህን ከልጃችን ሰምተን ኖሮ፥ ሌላ ባቡር በአጠገባችን ባለፈ ቍጥር ሳናስበው ወደ መስኮቱ ዘወር እንል ነበር።

የወረድነው ቾልዚ በምትባል መንደር ነው። እዚያ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አጋታ ክሪስቲ ከባልዋ ጋር ተቀብራለች። በ1890 ተወልዳ፥ በ85 ዓመትዋ በ1976 በጥር ወር ዐረፈች። ባልዋ ማክስ ማሎዋን የጥንት ፍርስራሽ የሚቈፍርና የሚመረምር ሊቅ ነበረ። መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ትንሽ ራቅ ብሎ ከቅጥሩ ዳር ነው፤ በሣሩ ላይ ውርጭ ተጋግሮ ነበር። ከዚያ እስከ ዎሊንግፎርድ በእርሻ መካከል የሚያልፍ የአንድ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ነው። ከከተማዪቱ መግቢያ ዊንተርብሩክ የተባለው ቤት ይገኛል፤ ባልና ሚስቱ በ1934 ገዝተውት ደራሲዪቱ እስክትሞት ድረስ ያዙት። ዛሬ የሌላ ሰው መኖሪያ ስለ ኾነ ከመንገድ ኾነን አይተን አለፍን።

ዎሊንግፎርድ በቴምዝ ወንዝ ዳር የተቈረቈረች ጥንታዊት ከተማ ናት። በዙሪያዋ የሳክሶን ነገሥታት ዘመን የአፈር ግንብ እስከ ዛሬ ይታያል። ንጉሥ ሄንሪ ኹለተኛ በ1155 የከተማነት መብት ጽፎላታል፤ ታላቅ የነበረው ቤተ መንግሥትዋ ግን በእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት በ1652 ፈርሶ ዛሬ ጥቂት ግድግዳ ብቻ ቀርቶታል። በገበያው መካከል በ1670 የተሠራው የማዘጋጃ ቤት በድንጋይ አዕማድ ላይ ቆሞአል። ከቤተ መዘክሩ አጠገብ በ2023 የተተከለ የነሐስ ሐውልት አለ፤ ደራሲዪቱ መጽሐፍ ይዛ በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ የወደደ ከጐንዋ ይቀመጣል። ልጃችንም ተቀምጣ ሥዕል አነሣናት።

በእኛ አቈጣጠር ዐሥር ሰዓት ሲኾን ፀሐይ ጠለቀች። ወደ አንድ ሻይ ቤት ገብተን፥ እኛ ገና በጾም ላይ ነበርንና ሻያችንን ያለ ወተት አስቀዳን። በዚያ ተቀምጠን ባለሱቁ ገዢውን በስሙ ሲጠራ፥ አሮጊቶቹም የጎረቤታቸውን ጤንነት ሲጠያየቁ በሰማን ጊዜ፥ ይህ ዐይነት ታሪክ ለምን ትንሽን ስፍራ እንደሚወድ ገባን። ለንደንን በሚያህል ከተማ ሰው ቢጠፋ ጎረቤቱ ስሙን እንኳ ላያውቅ ይችላል። በትንሽ ከተማ ግን ፖስታ አዳዩ ደብዳቤ የተቋረጠበትን ቤት፥ የቤት ሠራተኛዪቱም ማን ከማን ጋር እንደ ተኰራረፈ ያውቃሉ። ደራሲዪቱ ማርፕል የተባሉ ባል ሳያገቡ የሸመገሉ እመቤት ፈጥራለች፤ እኒህ እመቤት ሹራባቸውን እየሠሩ፥ በመንደራቸው ካዩት የሰው ጠባይ ጋር እያመሳሰሉ ፖሊስ ያቃተውን ምሥጢር ይፈታሉ። እንግዲህ አንባቢውን ደስ የሚያሰኘው ደሙ አይደለም፤ የተሰወረው ተገልጦ ንጹሑ ከሐሜት መዳኑ፥ ሰዎችም እንደ ገና ተማምነው በአንድ ማዕድ መቀመጣቸው ነው።

ኾኖም በዚያ ሻይ ቤት አንድ ነገር ልባችንን ነካው። የመጽሐፉ ሽማግሌ ልጆቹን የጠራው ናፍቋቸው አይደለም፤ በማዕዱ ዙሪያ ሰብስቦ እየወጋቸውና እያቀናናቸው ሊደሰት ነው። ይህን ስናነብ ስንት ጊዜ ረግመነው ነበር። እኛስ? የበኵር ልጃችን ሳያማክረን ሚስት ካገባ ወዲህ ኹለት ዓመት ሙሉ ከቤታችን ደጅ አልደረሰም። ለበዓል በየጊዜው እንልክበት ነበር፤ ነገር ግን በልባችን ያዘጋጀንለት በግ ብቻ አልነበረም፥ በወንድሞቹ ፊት የምንናገረው ወቀሳም ነበረበት። እርሱም ይህን ሳያውቅ አይቀርም። ልጃችን ዝም ማለታችንን አይታ «አባባ፥ ምን ኾኑ?» አለችን። «ገዳዩን እያሰብን ነው» አልናት፤ እርስዋ ግን አላመነችንም።

ከመደብሩ የማዘጋጃ ቤቱ ሥዕል ያለበት ካርድ ገዝተን ለበኵር ልጃችን እንዲህ ብለን ጻፍን፤ «በልደት ቀን ከሚስትህ ጋር ና። የምንናገርህ ነገር የለም፤ የምናሳይህ መጽሐፍ ግን አለ።» ልጃችንም አንብባ፥ ቴምብሩን ራስዋ ለጠፈችበት።

ካርዱ ከእኛ ቀድሞ አዲስ አበባ ደርሶ ኖሮ፥ በታኅሣሥ 29 ቀን ልጃችን ከሚስቱ ጋር መጣ። የመጡት ምሳው ሊነሣ ሲል ነው፤ ብዙም አልተነጋገርንም፤ ነገር ግን የወጡ ድስት ለእነርሱ እንደ ገና ከእሳት ላይ ተጣደ። በልደት ሰሞን ልጆቻቸውን ወደ ማዕድ የሚጠሩ አባቶች ኹሉ፥ ከመጥራታቸው በፊት ለምን እንደሚጠሩ ራሳቸውን እንዲመረምሩ እንመክራለን። ሊሄዱ በተነሡ ጊዜ ልጃችን፥ «ያ መጽሐፍ የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀን። አምጥተን ሰጠነው። የገዳዩ ስም ከአፋችን ደርሶ ነበር፤ እርሱን ግን ዋጥነው።