ስንቃችንን ይዘን ወደ ሐይቅ



የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና እንዳለቀ አምስት ሆነን ወደ ወሎ ወጣን። አምስታችንም አዲስ አበባ ተወልደን ያደግን ነን፤ ገጠርን የምናውቀው ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ዶሮ ይታረድልናል፣ አልጋ ይለቀቅልናል፣ በልተንና ተኝተን እንመለሳለን። ቤተሰቡ ከእኛ በኋላ ምን እንደሚበላ ጠይቀን አናውቅም። ዘንድሮ ግን ማንንም ላናስቸግር ተስማማን፤ ቤት ተከራይተን፣ ስንቃችንን ይዘን፣ ራሳችን እያበሰልን አራት ቀን ልናርፍ።

ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሐይቅ ከተማ ትገኛለች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ውኃው ቁልቁል በሚታይበት መንደር አንዲት እናት ቤት አከራዩን። ልጃቸው ዓረብ አገር ሠርታ ያሠራችው ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ነው፤ እሷ ስላልተመለሰች ባዶውን ይውላል። እሳቸው ከጎኑ ባለችው አሮጌ ቤት ይኖራሉ። ከደሴ ገበያ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ ሽሮ፣ ሽንኩርት፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና ተምር ገዝተናል። የሥጋ ነገር አላሳሰበንም፤ ከሐይቁ ቆሮሶ ይገኛል፣ ዓሣ ደግሞ መታረድ አያሻውም።

ምንጩ ከቤቱ 20 ደቂቃ ይርቃል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክመን ዳገቱን ስንወጣ፣ ዶርም ቧንቧ ከፍተን ውዱእ ስናደርግ የምናፈሰው ውኃ ትዝ አለን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት እጅ እፍኝ ያህል ውኃ፣ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በደርስ ስንሰማ ኖረናል፤ የገባን ግን ያን ቀን ነው። እንጨቱ እርጥብ ስለነበር ጭሱ አስለቀሰን፤ ሽሮውም አረረ።

ማታ እኒያ እናት በትሪ እንጀራና ወጥ ይዘውልን መጡ። "አይ እናታችን፣ አያስቸግሩ፤ የራሳችን አለን" አልናቸው። ትሪውን እንደያዙ ቆሙ። "ልጆቼ፣ እንግዳ ደጄ ላይ ለራሱ አብስሎ እየበላ እኔ በሬን ዘግቼ ልተኛ? ጎረቤትስ ምን ይለኛል?" ብለው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሽሮው አልወርድ አለን።

ሌሊቱን ስንከራከር አመሸን። አንዱ ወንድማችን እንግዳ አስተናጋጁን እስኪያጨናንቅ እንዳይቆይ በሐዲስ መከልከሉን አስታወሰን። ሌላው "የቀረበን መመለስስ ማስቀየም አይደለም?" አለ። ጠዋት እሳት ሊጭር የሄደው ልጅ እናታችን ከጎረቤት ዱቄት በሳህን ተበድረው ሲመለሱ አገኛቸው። የማታው እንጀራ የመጨረሻው ነበር። ሁለታችንም ልክ ሆንን፤ ብንበላ እናጎድልባቸዋለን፣ ባንበላ እናዋርዳቸዋለን።

ስለዚህ ማዕዱን አንድ አደረግነው። ስንቃችንን በሙሉ ወደ እሳቸው ማጀት አዛወርን። እኛ ውኃ ቀዳን፣ እንጨት ፈለጥን፣ ዓሣ ገዝተን አጸዳን፤ እሳቸው ጋገሩ፣ ሽሮ እንዴት እንደሚንተከተክም አስተማሩን። የእንጀራውን ሒሳብ ልንከፍል ስንል እምቢ አሉ፤ ዱቄቱን ገዝተን ስንተካ ግን ዝም አሉን። ከዐስር በኋላ ቡና ይፈላል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። በረካው ላይ ለእኛ ዱዓ አደረጉ፤ እኛንም ዓረብ አገር ላለችው ልጃቸው አሚን አስባሉን።

መንገደኞች ነንና ለብቻችን ስንሰግድ ዙህርን በሁለት ረከዓ እናሳጥር ነበር። ከመንደሩ ኢማም ኋላ በሰገድን ጊዜ ግን ከሰዉ ጋር አራቱን ሞላን።

በመጪው እረፍት ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ስንቅ ያዙ። ቁርኣን የሐጅ ተጓዦችን እንኳ ስንቅ እንዲይዙ አዟል፤ የከተማ ልጅ ባዶ እጁን ገጠር ገብቶ ሰው ላይ መውደቅ የለበትም። ኪራዩን ቀድማችሁ ክፈሉ፤ ጀሪካኑ ሲጎድል እናንተ ሙሉ። ዘይቱንና ስኳሩን ግን ለራሳችሁ ብቻ አትለኩ፤ ለባለቤቷም የሚበቃ ጨምሩ።

በአራተኛው ቀን መኪና ስንጠብቅ እናታችን ቆሎ ቋጥረው አመጡልን። በዚህ ጊዜ "አያስቸግሩ" ያለ ሰው አልነበረም። በሁለት እጃችን ተቀበልን።