ዜማና የሕፃናት እድገት በምሥራቅ ጎጃም

ሕፃን ቃል ከመለየቱ በፊት ዜማ ይለያል። በቢቸናም ሆነ በሞጣ እናት ልጇን አዝላ «እሹሩሩ» ስትል ድምፅዋ፣ የጀርባዋ ሙቀትና የእርምጃዋ ምት አንድ ላይ ይደርሱታል።

አብሮ መወዛወዝ መግባባትንም ያግዛል። የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከአንዲት ሴት ጋር በሙዚቃ ምት እኩል የተወዛወዙ የ14 ወር ሕፃናት፣ ሳታስበው እንደወደቀባት አስመስላ የጣለችውን ዕቃ አንሥቶ በመስጠት ምታቸው ካልገጠመው በልጠው ተገኝተዋል።

ዜማ ለንባብ የሚሰጠው ጥቅም በቄስ ትምህርት ቤት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ፊደል የሚቆጥረው ልጅ ገበታውን በስንጥር እየነካ ከ«ሀ» እስከ «ሆ» በዜማ ይወርዳል፤ አንዱ ተነባቢ በሰባት አናባቢ ሲለዋወጥ ጆሮው ይለምዳል። አደጋም አለው፤ ፊደሉን ሳያውቀው ዜማውን ብቻ ሊሸመድድ ይችላል። አቡጊዳ የተባለው የፊደል ተራ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ተነባቢውም አናባቢውም በየፊደሉ ስለሚቀየሩ የሀሁ ዜማ አያድነውም፤ ማየት ግድ ይሆንበታል። ይህን ያሰበ ሰው የልጅን ተንኮል ያውቅ ነበር ያሰኛል።

አኩኩሉም ቢሆን ጠሪና ተቀባይ ያለው ጨዋታ ስለሆነ ማዳመጥንና ተራ መጠበቅን ያስለምዳል።

ስለዚህ የኦ ክፍል (የቅድመ አንደኛ ደረጃ) መምህር ፒያኖ አያስፈልጋትም። ከበሮ ወይም ጭብጨባ ይበቃል፤ አንዱን አጭር መዝሙር ቀስ አድርጎ፣ አፍጥኖ፣ መሐል ላይ ድንገት አቁሞ ማዘመር የልጆቹን ትኩረትና ራስን መግታት ያለማምዳል።