ቲቸር፣ እናቴን የት ልጋብዛት?

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር ሰላም ነህ? ሥራ ያዝኩ እኮ! የመጀመሪያ ደመወዜ ሊገባልኝ ነው። እናቴንና አባቴን አንድ ደህና ቦታ ልጋብዛቸው ፈልጌ ነበር። ቦሌ አካባቢ የምታውቀው ሆቴል አለ?» ይላል።

ስለ ሴል ሳስተምር የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋ ልጅ ነበር። ዛሬ ቤተሰቡን ሊጋብዝ ነው። ደስ አለኝ። መልሱን ግን ቶሎ አልጻፍኩለትም፤ ምክንያቱም ይቺን ጥያቄ እኔም ድሮ ተፈትኜባት ወድቄአለሁ።

2005 ዓ.ም. ነው። ከኮተቤ በዲፕሎማ ወጥቼ ማስተማር ጀምሬአለሁ። ደመወዜ ሁለት ሺህ ብር እንኳ አይሞላም፤ ለእኔ ግን ያኔ ብዙ ነው። እማዬን አንድ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ሆቴል ወሰድኳት። አባዬ የአውቶቡስ ሹፌር ስለነበር ያን ቀን ተረኛ ነው፤ «እሱን ሌላ ጊዜ» አልን።

ስንገባ አስተናጋጁ እማዬን ከነጠላዋ እስከ ጫማዋ አያት። ሜኑው በእንግሊዝኛ ነው። ቀኑ ደግሞ ዓርብ! እኔ ከደስታዬ ብዛት ጾም መሆኑን ረስቼዋለሁ። «የጾም ምን አላችሁ?» ስል ሩዝ በአትክልት አለን አሉ። መጣ። እማዬ ሹካውን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ ሁለቴ ቀመሰችና «ጠግቤአለሁ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። ሒሳቡ ሲመጣ እኔ እንዳልደነግጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ማታ ቤት ገብቼ ተኝቼ ሳለ የድስት ድምፅ ቀሰቀሰኝ። እማዬ በጨለማ ሽሮ እየሠራች ነበር። ርቧት ነበር ለካ።

ከዚያ በኋላ ተጠነቀቅኩ። «አባዬንማ በደንብ ተዘጋጅቼ፣ ደመወዜ ከፍ ሲል፣ የሚመጥነው ቦታ ነው የምጋብዘው» አልኩ። አባዬ በ2006 አረፈ። አልጋበዝኩትም።

የሚገርማችሁ፣ አባዬ እኔን ስንት ጊዜ ጋብዞኛል! ያደግነው ካዛንቺስ ነው። ደመወዝ በተቀበለ ቀን እጄን ይዞ ሰፈራችን ያለች ሥጋ ቤት ይወስደኛል። ነጭ ጋውን የለበሰው ቆራጭ «ጋሼ፣ ዛሬ ከየት ላድርግልህ?» ይለዋል። አባዬ ግማሽ ኪሎ ጥብስ ያዛል። ቀይ ቀዩን ወደ እኔ እየገፋ «እኔ አጥንት ነው የምወደው» ይላል። አጥንት የሚወድ ይመስለኝ ነበር። ለእማዬ ደግሞ ሩብ ኪሎ ጥሬውን በወረቀት ይጠቀለላል። እሷ እዚያ ቤት ገብታ አታውቅም፤ በዚያን ጊዜ ሥጋ ቤት የወንድ ቦታ ነበር።

እና ልጄ፣ ቦሌን ተወውና እኔ ባለፉት ዓመታት ከባለቤቴ፣ ከልጄና ከጓደኞቼ ጋር እየዞርኩ የተማርኩትን ልንገርህ። ሌሎቻችሁም አንብቡ፤ የአስተማሪ ደመወዝ የሚችለው ነገር ነው።

አንደኛ፣ ቁርስ ቤት። እሁድ ጠዋት ከቤተክርስቲያን መልስ ከዚህ የተሻለ ግብዣ የለም። ፉል፣ ጨጨብሳ፣ እንቁላል ፍርፍር፣ ሻይ። ሁለት ሦስት ዓይነት አዝዛችሁ መሀል አድርጉት። ልጆች ጨጨብሳ በማር ካገኙ ሌላ ነገር አይጠይቁም። ፉሉ ላይ ቃሪያው ለብቻ እንዲመጣ ንገሩ፣ አለበለዚያ ልጃችሁ ያለቅሳል። የእኔዋ አልቅሳለች።

ሁለተኛ፣ ሽሮ ቤትና ማዘር ቤት። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ሌላ ቦታ አትድከሙ። ተጋቢኖ በሸክላ እየተንተከተከ ሲመጣ ወሬ ራሱ ይቆማል። በየዓይነቱም ቢሆን አንዱ ትሪ ጭማሪ እንጀራ ከታከለበት ብዙ ጊዜ ለሁለት ሰው ይበቃል። ማዘር ቤት የምንለው ብዙ ጊዜ ታፔላ የለውም፤ የሰው ሳሎን ነው። ጫማ የተደረደረበት በር ካያችሁና የበርበሬ ሽታ ከመጣ ደርሳችኋል።

ሦስተኛ፣ ሥጋ ቤት። ጾም ካልሆነ። ሥጋው ተሰቅሎ ስለምታዩት መርጣችሁ በኪሎ ታስቆርጣላችሁ፤ ግማሹን ጥብስ፣ ግማሹን ቁርጥ ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ግን የባዮሎጂ አስተማሪነቴን አልተውም፤ ጥሬ ለልጆች አትስጡ! የኮሶ ትል የሚመጣው በደንብ ካልበሰለ የከብት ሥጋ ነው። አያቶቻችን ትሉንም መድኃኒት የሚሆነውን ዛፍም «ኮሶ» ብለው በአንድ ስም የጠሩት በደንብ ስለሚያውቁት ነው። ለልጅ ቅቅል ወይም ሚጥሚጣ የሌለበት ደረቅ ጥብስ እዘዙ። አዋቂው የራሱን ይወስን፤ እኔም እኮ አንዳንዴ... ተዉት።

አራተኛ፣ ጠጅ ቤት። «እንዴ ቲቸር!» እንዳትሉኝ። ከሰዓት በኋላ፣ ሳይመሽ፣ ሰው ሳይሞቀው ከሄዳችሁ ጸጥ ያለ ቦታ ነው። የሚጠጣ ሰው በብርሌ ጠጁን ያዝዛል። ለማይጠጣና ለልጅ ብርዝ አለ፤ ማርና ውኃ ነው፣ ጌሾ የለበትም። ግን ዛሬ የተበረዘ መሆኑን ጠይቁ። ብርዝ ከቆየ እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል መቀየር ይጀምራል፤ ይሄን ዘጠነኛ ክፍል አስተምሬአችኋለሁ፣ ረስታችሁት ካልሆነ።

አምስተኛ፣ ድራፍት ቤት። ይሄ ከጓደኛ ጋር ነው። አንድ ሁለት ጃምቦ፣ አንድ ጥብስ ለሦስት፣ በቃ። ኳስ ያለበት ቀን ቤተሰብ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ጨዋታ የማትሰሙበት ጫጫታ ነው። መኪና የያዘ ሰው ደግሞ አምቦ ውኃ ይጠጣ።

«ጥሩ ቤት መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ካላችሁኝ እኔ ሦስት ነገር ነው የማየው። መጀመሪያ እጅ መታጠቢያው። ውኃና ሳሙና የሌለበት ቤት ማዕድ ቤቱን ባላየውም ይገባኛል። ሁለተኛ፣ ሴቶችና ልጆች ተዝናንተው ተቀምጠው አሉ ወይ? ሦስተኛ፣ ሊስትሮው ወይም ሎተሪ አዟሪው ሲገባ እንዴት ያናግሩታል? እሱን የሚያመናጭቅ ቤት እናትህንም ከእግር እስከ ራሷ ያያታል። ዋጋውን ደግሞ ሳታዝዙ ጠይቁ፤ ነውር አይደለም። ነውሩ ሒሳብ ሲመጣ እናትን መስኮት ማሳየት ነው።

አሁን ይሄን ሁሉ የምጽፍበትን ዋና ምክንያት ልንገራችሁ።

በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ የእኛም ቤት ፈረሰ። የአባዬ ሥጋ ቤት፣ እማዬ ቡና የምትጠጣበት በር፣ በዱቤ የበላንበት ሽሮ ቤት፣ ሁሉም ሄደ። እማዬ ከብዙ ጎረቤቶቿ ጋር ገላን ጉራ ገባች። ቤቱ ከድሮው ይሻላል፣ ውኃው ውስጥ ነው። ምግብ ግን አልበላ አላት። ስጠይቃት «ለብቻዬ አይወርድልኝም» ትላለች። ሐኪም ቤት ወሰድኳት፤ ምንም የለባትም ተባለ።

አንድ ዓርብ ሊጠይቃት የሄደው ወንድሜ ደወለልኝ። «እዚህ ብሎኩ ሥር አንዲት ሴትዮ ሽሮ ጀምራለች፣ የኛ ሰፈር ሰው ነች» አለኝ። በሚቀጥለው ዓርብ ልጄን ይዤ ሄድኩ። እማዬ «ውጪ መብላት አልወድም» አለች። ያ ሆቴል እስከ ዛሬ አልወጣላትም። እሺ፣ ቡና ብቻ እንጠጣ ብዬ አታለልኳት።

ቤቷ አምስት ዱካና ሁለት አግዳሚ ወንበር ናት። ባለቤትየዋ እማዬን ስታይ ማማሰያውን እንደያዘች ወጣች። «ውይ እትዬ! እዚሁ ኖረው ነው እንዴ ሳይመጡ?» ብላ አቀፈቻት። ለካ ካዛንቺስ ጎመን ስንገዛ የምናገኛት ሴት ናት። ማስታጠቢያ አምጥታ እጇን አስታጠበቻት። ሜኑ የለም፣ ሹካ የለም። ተጋቢኖው መጣ። እማዬ መጀመሪያ ለልጄ አጎረሰች፣ ቀጥሎ ለእኔ፣ ከዚያ ራሷ በላች። እንጀራ አስጨመረች! እኔ ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ፣ እንዳላስቆማት።

ስንጨርስ ልከፍል ስል ባለቤትየዋ «የእትዬን ተወው፣ የእንኳን ደህና መጣሽ ነው» አለች። በግድ ከፈልኩ። ዛሬ እማዬ ዓርብ ዓርብ እዚያ ናት። ምሳ በልታ ቡና ትጠጣለች፤ የድሮ ጎረቤቶቿን የምታገኛቸውም እዚያው ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ መልሴ ይሄ ነው። እናትህና አባትህ ሲገቡ ሰው «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚላቸው ቤት ውሰዳቸው። የጾም ቀን መሆኑን አስቀድመህ እይ። አባትህ አጥንት እወዳለሁ ካለህ አትመነው፤ ቀይ ቀዩን ወደ እሱ ግፋለት። የተረፈውን ብር ለታክሲያቸው ስጥ። ሥራህ እስኪደላደል፣ ደመወዝህ እስኪጨመር ብለህ ደግሞ አታሳድረው። ቅዳሜ ውሰዳቸው።

እናንተስ፣ ሰፈራችሁ ያለች፣ እናታችሁን የምትወስዱባት ቤት የትኛዋ ናት? ከታች ጻፉልኝ። እኛም ሄደን እንብላ።