የፔትወርዙ ምድር ቤት፦ መብራት፣ ጋንጃና የአክስቴ ልጅ

ጆርጂያ አቬኑን ይዞ ወደ ሰሜን ለሚወጣ ሰው ዋሽንግተን ዲሲ በአፍንጫ ትታወቃለች። ከአንዱ የሐበሻ ካፌ የሚቆላ ቡና ይሸታል፣ ሁለት በር አለፍ ሲሉ ጥብስ፣ ከዚያ ደግሞ… አዎ፣ እሱው! ጋንጃው። እኛ አገር "ሐሺሽ" የሚለውን ቃል እንኳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚናገረው። እዚያ ግን ሰዉ ቤቱ ውስጥ እንደ ጓሮ ጎመን ተክሎት ይቀመጣል። መጀመሪያ ሰሞን አንገቴን ሳዞር ነው የዋልኩት።

ያረፍኩት አክስቴ ዘንድ ነበር፤ ፔትወርዝ በሚባለው ሰፈር፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው ከተደረደሩት የጡብ ቤቶች በአንዱ። ወሩ ጥር ነው፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አክስቴና ልጇ ፎቁን ተከራይተው ይኖራሉ፤ ምድር ቤቱ የባለቤትየው ነው። ባለቤትየው ጡረታ የወጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ናቸው። አክስቴ "አባባ" ትላቸዋለች፣ በአማርኛ! እሳቸውም "አቤት" ማለት ለምደዋል።

ታዲያ የአክስቴ ልጅ በዚያ ሰሞን አንድ ነገር አስቦ ነበር። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ድንኳን ዘርግቶ ሦስት እግር ጋንጃ ሊያበቅል! "አንቺ ደሞ፣ ሕጋዊ ነው'ኮ!" ይለኛል ፊቴን ሲያይ። መብራቱንም በፖስታ አስመጥቶ አልጋው ሥር አስቀምጦታል።

ሕጋዊስ ሕጋዊ ነው። የዲሲ ነዋሪዎች በኖቬምበር 2014 ድምፅ ሰጥተውበት ከፌብሩዋሪ 26 ቀን 2015 ጀምሮ ሕግ ሆኗል (ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው)። 21 ዓመት የሞላው ሰው በሚኖርበት ቤት ውስጥ እስከ 6 እግር መትከል ይችላል፤ ከስድስቱ ግን የደረሱት ከ3 መብለጥ የለባቸውም። ቤቱ ውስጥ አሥር ጎረምሳ ቢኖርም ጣሪያው 12 እግር ነው። ለወዳጅ በነፃ እስከ 1 አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ገደማ መስጠት ይቻላል። አንድ ዶላር ከተቀበሉበት ግን ወንጀል ነው።

አሁን ደግሞ የፖቶማክን ወንዝ ተሻገሩና አሌክሳንድሪያ ግቡ። ቨርጂኒያ ናችሁ፤ ከጁላይ 2021 ወዲህ ለአንድ ቤት የተፈቀደው 4 እግር ብቻ ነው። በያንዳንዱ ተክል ላይም የባለቤቱ ስም፣ የመንጃ ፈቃዱ ወይም የመታወቂያው ቁጥርና "ለግል መጠቀሚያ" የሚል ጽሑፍ መንጠልጠል አለበት፤ ልክ እንደ አውሮፕላን ሻንጣ! ወደ ሰሜን ዞራችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ስትደርሱ ደግሞ ሜሪላንድ ነው፤ እዚያ ከጁላይ 2023 ጀምሮ 2 እግር። እኔ በአንድ ቅዳሜ ሦስቱም ቦታ ሐበሻ ቤት ቡና ጠጥቼ ተመልሻለሁ። 6፣ 4፣ 2… ከተማው ውስጥ ያለው ሮክ ክሪክ የተባለው ትልቅ ጫካ የፌዴራል መሬት ስለሆነ እዚያ ዜሮ። ይቺን ዜሮ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

እኔ እንኳን ለማጨሱ ነገር የለሁበትም። የተክል ነገር ግን ይወስደኛል፣ ሽማግሌውም ይህን አውቀውብኝ "ነይ ውረጂ" አሉኝ።

ደረጃውን ስትወርዱ ልብስ ማጠቢያው አለ፤ ከሱ ጎን አንድ ሜትር ከሃያ በአንድ ሜትር ከሃያ የሆነ ጥቁር ድንኳን ቆሟል። ዚፑ ሲከፈት ውስጡ እንደ መስታወት ያበራል፤ ከላይ ጠፍጣፋ ነጭ መብራት፣ ከሥሩ በጨርቅ ማሰሮ የተተከሉ ሦስት እግሮች፣ ጥግ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚዞር ቬንቲሌተር። ከበላይ ደግሞ ሽታውን የሚያጠምድ የከሰል ማጣሪያ አለ፤ እሱ ባይኖር አክስቴ ቤቱን ከለቀቀች ቆይታለች።

ሽማግሌው በ2015 ሲጀምሩ የገዙት የሶዲየም አምፖል ነበር፤ የመንገድ መብራት ላይ የምናውቀው ብርቱካናማው ዓይነት፣ 600 ዋት። ያበቅላል፣ አይካድም። ግን ከባድ ባላስት አለው፣ ይጮኻል፣ ሙቀቱም ምድር ቤቱን አፋር አደረገው። ሒሳቡን ወረቀት ላይ አሳዩኝ። 600 ዋት በቀን 18 ሰዓት ሲበራ 10.8 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 324። ለአንድ ሰው የመጀመሪያ ሙከራ፣ ለ60 በ60 ሳንቲ ሜትር ድንኳን የሚበቃው 100 ዋት ኤል.ኢ.ዲ. ግን በወር 54 ብቻ ነው።

ኤል.ኢ.ዲ. ሲባል ደግሞ ጉድ አለው። ሣጥኑ ላይ በትልቁ "1000 ዋት" ተብሎ ይጻፋል፤ ገልብጣችሁ በደቃቁ የተጻፈውን ስታነቡ ከሶኬቱ የሚስበው 100 ዋት ሆኖ ይገኛል። መርካቶ ብቻ መስሎኝ ነበር እንዲህ ያለው! ስለዚህ መጠየቅ ያለበት "ከግድግዳው ስንት ይስባል?" ተብሎ ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ለእያንዳንዱ ዋት ምን ያህል ብርሃን ይሰጣል የሚለው ነው፤ ይህ በማይክሮሞል ይለካል፣ ለአንድ ዋት ከ2.5 ማይክሮሞል በላይ የሚሰጥ ጥሩ ነው። ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጡ ርካሽ ዓይነቶችም አሉ። ሽማግሌው አይወዷቸውም፤ ምክንያታቸውም ቀላል ነው፦ በሐምራዊ ብርሃን ውስጥ ቅጠሉ ቢጫ ይሁን አረንጓዴ እንዴት ይታያል? በሽታውን ሳታዩት ተክሉ ይሞታል።

ርቀቱስ? ችግኝ ሳለ መብራቱ ከ45 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ እያደገ ሲሄድ ቀስ እያለ ይወርዳል። በቁጥር ለሚፈልግ፣ ችግኝ ከ200 እስከ 300 ማይክሮሞል ይበቃዋል፣ ቅጠል ሲያወጣ ከ400 እስከ 600፣ ሲያብብ ከ600 እስከ 900። ቁጥር የማይወድ ደግሞ ተክሉን ይይ። ግንዱ ቀጥኖ እንደ ጎረምሳ ከተመዘዘ ብርሃን አንሶታል። የላይኛው ቅጠል ጫፉን ወደ ላይ ጠቅልሎ ከነጣ ደግሞ በዝቶበታል፣ ከፍ ይደረግለት።

እኔን የማረከኝ ግን የጨለማው ነገር ነው። ጋንጃ ቀኑ ሲያጥር የሚያብብ ተክል ነው። በቀን 18 ሰዓት መብራት ከሰጡት ቅጠል ብቻ እያወጣ ይኖራል፤ ወደ 12 ሰዓት መብራትና 12 ሰዓት ጨለማ ሲቀየርለት "በልግ መጣ" ብሎ ያብባል፣ ከ8 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜም ይደርሳል። ዲሲ ላይ የሰኔ ቀን ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል፣ የታኅሣሥ ደግሞ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ተክሉ ወሩን በዚህ ያውቃል። አዲስ አበባ ቢሆን ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ ስለማይርቅ ምን ሊያውቅ? ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው ከልባቸው ሳቁ።

ጨለማው ታዲያ ጨለማ መሆን አለበት። በሌሊቱ መሐል ብርሃን ደጋግሞ ከገባበት ተክሉ ይምታታል፤ ሴቷ የወንድ አበባ አውጥታ ራሷን ታዳቅልና ዘር ትሞላለች። ሽማግሌው የቬንቲሌተሯን ትንሽ አረንጓዴ መብራት እንኳ በፕላስተር ሸፍነዋታል። አክስቴም ልብስ የምታጥበው ተክሉ "ቀን" ሲሆን ብቻ ነው። በሩ ላይ በልጇ እጅ "አይከፈትም!" ተብሎ በአማርኛ ተጽፏል። በአማርኛ የተጻፈው ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ስለ ውኃም ልንገራችሁ፣ ይህ ለማንኛውም የቤት ውስጥ አትክልት ይሠራል። ጀማሪ ተክሉን የሚገድለው በጥማት ሳይሆን በፍቅር ነው ይላሉ ሽማግሌው፤ ጠዋት ያጠጣል፣ ማታ ያጠጣል፣ ሥሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል። ማሰሮውን ብድግ ማድረግ ነው፤ ከቀለለ ይጠጣ፣ ከከበደ ይቆይ። እኛ የቧንቧ ውኃ አሳድረን እንጠቀማለን፣ ክሎሪኑ እንዲወጣ። የዲሲ ውኃ ግን ከዓመቱ አብዛኛውን የሚታከመው በክሎራሚን ነው፤ እሱ ደግሞ ቢያድርም አይወጣም። ሽማግሌው በከሰል ማጣሪያ ያሳልፉታል። ከሥር ያሉት ቅጠሎች ቀድመው ቢጫ ከሆኑ ናይትሮጂን አንሷል። ሲያብብ እርጥበቱ ከ50 በመቶ መዝለል የለበትም፣ አለዚያ አበባው ከውስጥ ይሻግታል። ቬንቲሌተሩ የቆመው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ወደ ዜሮዋ ልመለስ።

የአክስቴ ልጅ ግሪን ካርድ አለው፤ ለዜግነት ማመልከቻ አስገብቶ ቃለ መጠይቅ ይጠብቃል። እጮኛው ኮተቤ ናት። በእጮኛ ቪዛ ሊያስመጣት የሚችለው ዜጋ ሲሆን ብቻ ነው። ዜግነት የሚሰጠው ደግሞ የዲሲ ከተማ አይደለም፣ የፌዴራል መንግሥቱ ነው። ያ መንግሥት ጋንጃን ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች ዝርዝር አላወጣውም። የኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ በግልጽ ጽፎታል፦ ሰውየው የሚኖርበት ክልል ቢፈቅድም ከጋንጃ ጋር የተያያዘ ተግባር "መልካም ሥነ ምግባር" የሚለውን መስፈርት ሊያሳጣው ይችላል። ፍርድ ቤት መቅረብም አያስፈልግም፣ በራስ አፍ ማመን ብቻ ይበቃል። በዜግነት ማመልከቻው ቅጽ ላይም እንዲህ ያለ ዕፅ አብቅለህ ታውቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ አለ። አዎ ካለ ችግር ነው፤ የለም ብሎ ከዋሸ የባሰ ነው።

ለአሜሪካዊው ጎረቤት መዝናኛ የሆነው ነገር ለሐበሻው የአየር ትኬት ሊሆን ይችላል፣ ያውም መመለሻ የሌለው። መመለሻ ብዬ ደግሞ የኛው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ታወሰኝ፤ አንቀጽ 525 ለአብቃዩ ጽኑ እስራት ነው ያዘጋጀለት።

ይህን ሁሉ ልጁ አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። "ማን ያየኛል?" ነበር መልሱ። ሦስት ቀን ተከራከርን። አክስቴ አለቀሰች፣ እሱ በሩን ዘጋ። በመጨረሻ ያስቆሙት ሽማግሌው ናቸው። አልተቆጡም፤ ወጥ ቤት ቁጭ ብለው "ይህ ቤት የኔ ነው፣ ከታች ያለው በኔ ስም ነው። አንተ ፎቅ ላይ የምትተክለው ግን በአንተ ስም ነው። እኔን ማንም ከአገሬ አያባርረኝም፣ አንተን ግን ይችላሉ" አሉት። ማሳረጊያውን ደግሞ በአማርኛ "እሺ?" አሉ፣ ከአክስቴ የለመዱትን።

"እሺ" አለ። በዚያው ቀን ምድር ቤት መውረድም ተወ። ውኃ ማጠጣቱንም፣ ቅጠል መቀንጠሱንም ጭምር፤ ለነገሩ ጠበቃም ቢጠየቅ ይህንኑ ነበር የሚለው።

የተገዛው መብራት ግን ተገዝቷል፣ 100 ዋት፣ እውነተኛ 100። አሁን የአክስቴ መስኮት አጠገብ ተሰቅሎ በሥሩ ሁለት ማሰሮ በሶብላና አንድ ጤና አዳም አለ። በሶብላ ሙቀትና ብርሃን ይወዳል፤ አበባው ብቅ ሲል ጫፉን መቀንጠስ ነው፣ ቅጠሉ ይበዛል። ጤና አዳሙ ደግሞ እግሩ ሲረጥብ አይወድም፣ አፈሩ እስኪደርቅ ይተዉት። ታይመሩ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ያበራል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ያጠፋል። ባለፈው ስደውል ልጁ የቃለ መጠይቁ ደብዳቤ እንደደረሰው ነገረኝ። አክስቴ ደግሞ በሶብላው ለበርበሬ ይደርሳል ብላ ዛላ አዝዛለች።