ከወንጪ አፋፍ ላይ ለልጆችዎ የሚነግሯቸው የአውሮፕላን ታሪክ

ከአዲስ አበባ በምዕራብ በኩል ወጥተው ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን ካለፉ በኋላ አምቦ ይደርሳሉ። ጉዞው 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አምቦ ላይ ምሳዎን በልተው ወደ ወሊሶ የሚወስደውን መንገድ ይያዙ። መንገዱ ሽቅብ ይወጣል፤ የገብስ ማሳውና የእንሰት ጓሮው ግራና ቀኝ ይከተልዎታል፤ ብርዱም ይጨምራል። ከዚያ መሬቱ ከፊትዎ ድንገት ይከፈትና ታች፣ በተራራ ተከቦ የተኛውን ውሃ ያዩታል። ሐሮ ወንጪ ነው። «ሐሮ» በአፋን ኦሮሞ ሐይቅ ማለት ነው።

ብዙዎቻችን እዚህ ስንደርስ ፎቶ እንነሳለን፤ ፈረስ ተከራይተን እንወርዳለን፤ በጀልባ ወደ ደሴቱ ተሻግረን የቂርቆስን ገዳም እናያለን፤ ማር ገዝተን እንመለሳለን። ሁሉም መልካም ነው። በዚህ ጉዞ ግን ከመውረድዎ በፊት ልጆችዎን አፋፉ ላይ ጥቂት ያስቀምጧቸው። ማሳው የተጣጣፈ ጨርቅ መስሎ፣ ጀልባው ጭላጭ አክሎ ሲታያቸው፣ አብራሪ ከመቀመጫው ሆኖ የሚያየው ዓለም ይህን እንደሚመስል ይንገሯቸው።

ዳገቱን ሮጠው ሲወጡ ለምን እንደሚያለከልኩም ይጠይቁዎታል። አፋፉ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አውሮፕላንም እንደ ልጅዎ ይቸገራል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ያንሰዋል፤ ስለዚህ ለመነሳት ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። በደጋ አገር መብረርን የተማሩ አባቶቻችን ይህን ሁሉ በትንሽ ሞተር ነበር የሚወጡት።

ወንጪን የፈጠረው እሳተ ገሞራ ነው። እንደ ወንጪ ከእሳተ ገሞራ የተወለዱ ሁለት ሌሎች ሐይቆች ደግሞ የእኛን የአውሮፕላን ታሪክ በዳራቸው ይዘዋል። አንዱ ሩቅ ነው፤ ከሮም በስተሰሜን ምዕራብ ያለው ብራቻኖ። ሌላው ቅርብ ነው፤ ቢሾፍቱ።

ከሩቁ እንጀምር። በብራቻኖ ሐይቅ ዳር ቪኛ ዲ ቫሌ የሚባል ቦታ አለ። ድሮ በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች የሚነሱበት ጣቢያ ነበር፤ ዛሬ የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ነው። ከእነዚያ የባሕር አውሮፕላኖች ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ለብዙ ዓመታት የቆየች አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ነበረች፤ «ፀሐይ» ትባላለች። ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሠራት። ስሟ የተወሰደው ከንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። በዚያው ዓመት ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ አውሮፕላኗም ተማረከች። ወደ ኢትዮጵያ እጅ የተመለሰችው ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከሰማንያ ዓመት በላይ በሰው አገር ኖራ ማለት ነው።

ያ ጦርነት ያቋረጠው የአውሮፕላን ሥራን ብቻ አልነበረም። ከወረራው በፊት አዲስ አበባ ውስጥ የበረራ ትምህርት የጀመረችው ሙሉእመቤት እምሩም ትምህርቷን ሳትጨርስ ቀርታለች። ሴት ልጅ ካለችዎት ይህን ስም እንድታውቀው ያድርጉ።

ከነፃነት በኋላ የበረራ ትምህርቱ ማዕከል ቢሾፍቱ ሆነች። አዲሱን አየር ኃይል ያደራጀው ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበር። በጦርነቱ ዘመን ለቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን እያበረረ ኢትዮጵያን ያወቀ ሰው ነው። በ1939 ዓ.ም. ሳፊር የተባለችውን ትንሽ የማሰልጠኛ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አንስቶ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ አስገባት። 6,220 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ30 ሰዓት በላይ ፈጅቶበታል። የቢሾፍቱ ሠልጣኞች የተማሩት በዚህችው ዓይነት አውሮፕላን ነው፤ መምህሩና ተማሪው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ተማሪው የሚያደርገውን ሁሉ መምህሩ ያያል። ልክ እርስዎ መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ አሰልጣኝዎ አጠገብዎ እንደተቀመጠው ማለት ነው።

ከትምህርት በኋላ ከሚጠብቋቸው አውሮፕላኖች አንዱ ፋየርፍላይ ነበር። እንግሊዞች ለባሕር ኃይላቸው የሠሩት፣ ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ የሚነሳ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ተዋጊ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። መርከብ ላይ ቦታ ስለሚጠብ ክንፎቹ ወደ ኋላ ይታጠፋሉ፤ ርግብ ክንፏን ሰብስባ እንደምትቀመጠው ያለ ነው። ካናዳ በባሕር ኃይሏ ስትጠቀምባቸው ከቆየች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 የተወሰኑትን ለኢትዮጵያ ሸጠች። ለመርከብ የተሠራው አውሮፕላን በደጋ ሰማይ ላይ መብረር ጀመረ።

ዘመኑ የጄት ሲሆን ፋየርፍላዮቹ ቆሙ፤ ቆመውም ተረሱ። ካናዳውያን ግን አልረሷቸውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ መጥተው የተወሰኑትን ከተጣሉበት አንስተው ወደ አገራቸው ወሰዱ። አንዱ ዛሬ በሃሊፋክስ አቅራቢያ በሺርወተር የአቪዬሽን ሙዚየም ይገኛል። በጎ ፈቃደኞች ለዓመታት የጎደለውን እየፈለጉ፣ የተጣመመውን እያቀኑ አድሰውታል። የካናዳ ልጆች በትምህርት ቤት ጉብኝት ሄደው ያዩታል። እኛ ዘንድ ግን አያቶቻችን ያበረሩት፣ የጠገኑት፣ ነዳጅ የሞሉት አውሮፕላን መሆኑን የሚያውቅ ልጅ ስንት ነው?

ልዩነቱ የገንዘብ ብቻ አይመስለኝም። ካናዳውያኑ የፈለጉት ያው እኛ ብረት ብለን የተውነውን ነገር ነው። ዋጋ ያገኘው ታሪኩን የሚያስታውስ ሰው ስላገኘ ነው። «ፀሐይ»ም የተመለሰችው የእኛ ናት የሚል ስላልጠፋ ነው። ወንጪ ራሱ ለዚህ ምስክር ነው። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ያሰለፈው ውሃው ስላማረ ብቻ ሳይሆን፣ የአካባቢው ሰው ፈረሱንም ጀልባውንም መንገዱንም የእኔ ብሎ ስለያዘው ጭምር ነው።

ስለዚህ ከዚህ ጉዞ ሲመለሱ አንድ የቤት ሥራ ይስጧቸው። ከዘመድ ውስጥ በአየር ኃይል፣ በአየር መንገድ ወይም በጥገና ሥራ ያገለገለ አያት ወይም አጎት አለ? ሄደው ይጠይቁት፤ ድምፁን በስልክ ይቅረጹ፤ የቆየ ፎቶ ካለው ጀርባው ላይ የሰዎቹን ስምና ዓመቱን ይጻፉበት። የበረራ መዝገብ ደብተር፣ የድሮ ባጅ፣ የዛገ መፍቻም ቢሆን ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። «ቆራሌው!» የሚለው ድምፅ በሰፈር ባለፈ ቁጥር ሳንጠይቅ አውጥተን የምንሰጠው ብረት ብዙ ነው።

ይህን ካወሩ በኋላ ወደ ሐይቁ ይውረዱ። ለልጆች ሹራብ ይያዙ፤ ሲመለሱ ዳገት ስለሚሆን ፈረሱን ለደርሶ መልስ ቢነጋገሩ ይሻላል።