በጓሮ የተሠራ የውኃ ገንዳ

ውኃን በማሰሮ ማሳደር ቀላል ነው፤ 48 ቶን ውኃ በገዛ ጓሮ ማሳደር ግን ሌላ ነገር ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ የሚኖር አንድ አባወራ ለልጆቹ መዋኛ እሠራለሁ ብሎ በተነሣ ጊዜ ይህን ልዩነት በቅጡ አላሰበውም ነበር። በወረቀት ላይ የነደፈው ገንዳ ርዝመቱ 8 ሜትር፥ ወርዱ 4 ሜትር፥ ጥልቀቱም በአማካይ 1 ሜትር ተኩል ነው። ይህም በ200 ሊትር በርሜል ቢሰፈር 240 በርሜል ይሆናል። ሥራ ተቋራጭ የጠየቀው ዋጋ ከዐቅሙ በላይ ስለ ሆነ፥ ራሱ አካፋ አንሥቶ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ለመካሪነት ያዘ። ሽማግሌውም የድካሙን ዋጋ ሲሶ ገንዳው ተሞልቶ ውኃ እንደማያፈስ ከታየ በኋላ ሊቀበል ተስማማ።

በገዛ እጁ ለመሥራት መነሣቱ እንደ ድፍረት ሊቈጠር አይገባም። ብረትንና ስሚንቶን ካጋቡት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ የሆነው ፈረንሳዊው ዮሴፍ ሞኒዬ አትክልተኛ ነበረ እንጂ መሐንዲስ አልነበረም። ተክል የሚተክልባቸውን ገንዳዎች ለማጽናት በስሚንቶው ውስጥ የብረት ሽቦ መረብ ቀበረ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1867 ዓመት ስለዚሁ ሥራ የባለመብትነት ወረቀት ተቀበለ፤ በተከታዩም ዓመት መብቱን ለቧንቧና ለውኃ ማጠራቀሚያ አሰፋው። ግንበኞቻችን «አርማታ» የሚሉት ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን፥ ትርጓሜው «የታጠቀ» ማለት ነው፤ እጅግም የተስማማ ስም ነው። ስሚንቶ ሲጫኑት ብርቱ፥ ሲስቡት ደካማ ነውና ብረትን መታጠቅ ያስፈልገዋል። ሙቀት በመጣ ጊዜም ሁለቱ በተቀራረበ ልክ ስለሚሰፉ ጋብቻቸው አይፈርስም።

አባወራው የፌሮውን ዋጋ ባየ ጊዜ፥ «በጎንደር ያለውን የፋሲል መዋኛ አባቶቻችን ያለ ብረት በድንጋይና በኖራ ሠርተውት የለምን?» ብሎ ተከራከረ።

«ልጄ፥» አለው ሽማግሌው፤ «እነርሱ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ጭነው በክብደት አቆሙት። አንተ ግን ስንዝር በማትሞላ ግድግዳ ልታቆም ነው።»

ፌሮው ተገዛ።

የቦታው አፈር ጥቁር ዋልካ ነበረ። ዋልካ በክረምት ያብጣል፥ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተቀመጠውንም ሁሉ ያናውጣል። ስለዚህ ከገንዳው ልክ ይልቅ አስፍተውና አጥልቀው ቈፍረው፥ በዋልካው ፈንታ ገረጋንቲ አልብሰው ጠቀጠቁት። ዳሩ ግን ትልቁ ነገር ገና ነበረ። አባወራው የሚፈራው ውኃው ወደ ውጭ እንዳይፈስ ነው፤ ሽማግሌው የሚፈራው ግን ባዶውን ገንዳ ነው። ይኸውም እንዲህ ነው፤ ግድግዳውና ወለሉ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖራቸው የአርማታው ክብደት ወደ 36 ቶን ይጠጋል። በክረምት የመሬት ውስጥ ውኃ እስከ አፉ ቢከበው ደግሞ ወደ ላይ የሚገፋው ኀይል 62 ቶን ያህል ነው። እንግዲህ ባዶ ገንዳ እንደ ታንኳ ከመሬት ይነሣል፥ ይሰነጠቃልም። የሚያድነው በውስጡ ያለው ውኃ ነው።

አርማታው በግንቦት ፈሰሰ። የቀን ሠራተኞቹ ቅልቅሉ ቶሎ እንዲወርድላቸው ውኃ ሊጨምሩ ፈለጉ፤ ሽማግሌው ግን ባልዲውን ከእጃቸው ነጠቀ። ለ50 ኪሎ ስሚንቶ 25 ሊትር ያህል ይበቃል፤ ከዚያ የተረፈው ሲተን በስፍራው ጥቃቅን ቀዳዳ ይተዋል፥ በቀዳዳውም ውኃ ገብቶ ብረቱን ያዝገዋል። ዝገትም ከብረቱ ይልቅ ብዙ ስፍራ ስለሚፈልግ አርማታውን ከውስጥ ያፈነዳዋል። ስለዚህ ብረቱ ከፊቱ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። ብዙ ሰው ስሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ውኃን ከራሱ ጋር አዋሕዶ ነው። አባወራው ከሳንቃው በተላቀቀው ግድግዳ ላይ ጆንያ ሰቅሎ፥ ማታና ጧት እንደ ችግኝ ያጠጣው ነበር። 28 ቀን ሞልቶ ጥንካሬው እስኪታመን ድረስም ሰኔ ደረሰ።

በዚህ ጊዜ ጭንቅ መጣ። ሽማግሌው ክረምቱ ሳይበረታ ውኃ ይግባበት አለ። የቤቱ እመቤት ደግሞ አጥር ሳይቆም አንዲት ባልዲ አይገባበትም ብላ ማለች፤ ሕፃን ልጅ ሲሰጥም ብዙ ጊዜ ድምፅ አያሰማምና። ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። አባወራው በገንዳው ወለልና ግድግዳ ላይ ሊለጥፈው ያሰበውን ያማረ ሸክላ ተወና በሊሾ አስጨረሰው፤ በተረፈውም ገንዘብ ልጅ የማይወጣበት አጥርና ራሱን የሚዘጋ በር አቆመ። ማማር ሊዘገይ ይችላል፤ ያ አጥር ግን ሊዘገይ አይገባውም ነበር።

የቧንቧው ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ፥ 240 በርሜል ከሰፈሩ ድርሻ መውሰድ ነውር ሆነበት። ስለዚህ የጣሪያውን አሸንዳ ወደ ገንዳው አዞረ። በ1 ሜትር ካሬ ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው፤ በ100 ሜትር ካሬ ቆርቆሮ ላይ 480 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ገንዳው ይሞላል፤ የአዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴም ተደምረው ወደዚህ ይጠጋሉ። ከውጭ ሊያነሣው የሚመጣው ዝናብ ከውስጥ እየገባ ተጫነው። በነሐሴ መጨረሻ ሞልቶ ተገኘ፤ ማጣሪያውም ተገጥሞ ክሎሪን ተጨመረበት።

በጥቅምት ሰማዩ በጠራ ጊዜ ሽማግሌው አንድ ባልዲ ውኃ በገንዳው ደረጃ ላይ አስቀምጦ በባልዲውና በግድግዳው ላይ ምልክት አደረገ፤ ፀሐይ ከሁለቱ እኩል ትጠጣለችና፥ ገንዳው አብልጦ ከጎደለ ያፈሳል ማለት ነው። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ጠበቁ። በሳምንቱ ሁለቱም እኩል ጎድለው ተገኙ፤ ሽማግሌውም የቀረውን ሲሶ ተቀበለ። የበሩን ቍልፍ እመቤቲቱ በክር አድርጋ በአንገቷ አጠለቀችው፤ እስከ ዛሬም አላወለቀችውም።