ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ

«ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ይላል ያገሬ ሰው። ተረቱ የሚነገረው እያወቀ እንዳላወቀ ለሚሆን ሰው ነው። እኔ ግን ለብዙ ዓመታት ቃል በቃል ኖሬበታለሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ታክሲ ስነዳ አመሽና ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቤቴ እገባለሁ። ከማቀዝቀዣ ያወጣሁትን ዶሮ ወጥ አሙቄ፣ እንጀራውን ቆሜ ጎርሼ፣ ወዲያው አልጋዬ ላይ እዘረጋለሁ። ውድ አንባቢያን፣ ከእናንተም መካከል በዚሁ ኑሮ ውስጥ ያላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አልጠራጠርም።

በስደት ጋዜጣ ላይ ስለ ሆድ ሲነሳ «ለሆዱ ያደረ» የሚባለው ሰው ትዝ ይላችሁ ይሆናል። አይደለም። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ እውነተኛው ሆድ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከሕንድ ነው። በ1993 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ ፑኔ ሄድኩ። ፑኔ ከሙምባይ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ኮሌጅና ተማሪ የሞላባት ከተማ ናት። ክፍል ያከራዩኝ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ተከራዩ ሁሉ «አጂ» ይላቸዋል፤ በማራቲ ቋንቋ አያት ማለት ነው። አጂ ሐኪም አይደሉም፤ ቤታቸው ግን በአዩርቬዳ ሥርዓት የሚተዳደር ነበር። «አዩስ» ሕይወት፣ «ቬዳ» እውቀት ማለት ነው። ይህ የሕንዶች ጥንታዊ ሕክምና «ቻራካ ሳምሂታ» እና «ሱሽሩታ ሳምሂታ» በሚባሉ የሳንስክሪት መጻሕፍት ላይ የቆመ ነው።

አጂ እንደሚሉት ሆድ ምድጃ ነው። እሳቱ «አግኒ» ይባላል። ምድጃ ላይ እርጥብ እንጨት ሲከምሩበት እንደሚጨስ ሁሉ፣ ሆድም ያለ ልክና ያለ ሰዓት ሲጎሰርበት እሳቱ ይዳፈናል። ስለዚህ ጠዋት ከሁሉ በፊት አንድ ኩባያ ሙቅ ውሃ ይጠጣል። ዋናው ምግብ የሚበላው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ በእኛ ስድስት ሰዓት ግድም ነው። ሆድ አይሞላም፤ ግማሹ ለምግብ፣ ሩቡ ለመጠጥ፣ ሩቡ ባዶ ይተዋል። ማታ ሩዝና የማሾ ክክ አንድ ላይ የተቀቀለ ለስላሳ ምግብ፣ እሱም ጥቂት ነው። ከምሳ በኋላ ከሙን ጣል የተደረገበት አሬራ ይቀርባል። ማዕዱ ሲነሳ ቆንጠር ተደርጎ የእንስላል ፍሬ ይታኘካል። ከዚያ «ሻታፓዋሊ»፣ ማለት መቶ እርምጃ፣ ግቢውን እየዞሩ ቀስ ብሎ መራመድ ነው። አጂ ሲራመዱ ሳሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው እየቆጠሩ ነበር። እኔ በመስኮት እያየሁ እስቅ ነበር።

አንድ ቀን የቅመም ሣጥናቸውን ከፍተው ሲያሳዩኝ ግን መሳቄን ተውኩ። ዝንጅብል፣ እርድ፣ ድምብላል፣ ከሙን፣ አብሽ... የእናቴ ማጀት እንዳለ ሕንድ ገብቶ ቁጭ ብሏል! እነሱ «አጅዋይን» የሚሉትና ሆድ ሲነፋ በሙቅ ውሃ የሚጠጡት የእኛው ነጭ አዝሙድ ነው። «ጊ» የሚሉትም ከንጥር ቅቤ እምብዛም አይርቅም። በጃንሆይ ዘመን የሕንድ መምህራን ያስተማሯችሁ ታላላቆቻችን ይህንን ሳታውቁት አትቀሩም።

ተምሬ ወደ አገሬ ተመለስኩ፤ ጋዜጣ ላይ ሠራሁ። ከምርጫ 97 በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጋዜጦች ተዘጉ፣ ባልደረቦቼ ታሰሩ፣ እኔም ተሰደድኩ። ዲግሪዬ በመሳቢያ ውስጥ ቀረ፤ እኔ መሪ ጨበጥኩ።

ሆዴ መቃጠል የጀመረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። «ጨጓራ ነው፤ በርበሬ ቀንስ» አሉኝ። ተልባ ጠጣሁ። በኋላ አጂ ትዝ አሉኝ። ሙቅ ውሃውን፣ ዝንጅብሉን፣ እንስላሉን፣ ምሳን በሰዓቱ መብላቱን ያዝኩ። እውነቱን ለመናገር ቀለለኝ። ማታ በልቶ ወዲያው መተኛቱን ስተው፣ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣ የነበረው ቃር ጋብ አለ። እኔም ዳንኩ አልኩ። ሰው ሲሻለው ሐኪም የሆነ ይመስለዋል! ለጓደኞቼ ሁሉ ነጭ አዝሙድ ማዘዝ ጀመርኩ።

ግን ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ መቀመጥ ወገቤን ይዞት ነበርና በየቀኑ ኢቡፕሮፌን እውጥ ነበር፤ ብዙ ጊዜም በባዶ ሆድ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሕመሙ ሲመለስ ዝንጅብሉን ጨመርኩ። አንድ ሳምንት ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቆረ። አየሁ፤ ዝም አልኩ። እናቴ ስትደውል «ደህና ነኝ» አልኳት። የጤና መድን አልነበረኝም፤ የሆስፒታሉ ሒሳብ ከሕመሙ በላይ ያስፈራኝ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏችኋል ይኼ ነው።

አውሮፕላን ማረፊያ ወረፋ ስንጠብቅ አንድ ወጣት ሾፌር «ጋሼ፣ ፊትህ አመድ መስሏል» አለኝ። ከመኪናዬ ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝ። ሆስፒታል ያደረሰኝ እሱ ነው። ጨጓራዬ ቆስሎ ሲደማ ኖሯል። ደም ተሰጠኝ። በቀጭን ቱቦ ውስጤን አዩና ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያም ተገኘብኝ።

ይህን ባክቴሪያ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ከጨጓራ ቁስል ጋር አገናኝተው፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ማርሻል ሰው አላምን ቢለው ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታሟል። ዛሬ እንደሚታወቀው የጨጓራ ቁስል ዋና መነሻዎች ይኸው ባክቴሪያና እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። እኔ ሁለቱንም ተሸክሜ በርበሬን ስወቅስ ኖሬአለሁ። ባክቴሪያው በአገራችን በጣም የተስፋፋ ነው። ምርመራው በትንፋሽ ወይም በሰገራ ይሆናል፤ ሕክምናውም አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ነው። ዝንጅብል አያጠፋውም።

ታዲያ የአጂ ነገር ከንቱ ነው ማለቴ ነው? አይደለም! ጠዋት ሙቅ ውሃዬን እስከዛሬ እጠጣለሁ። እራቴን ከመተኛቴ ሦስት ሰዓት ቀድሜ እበላለሁ፤ ይህንን ሐኪሞቹም ይመክራሉ። ከምግብ በኋላ ዘና ብሎ መራመድ የደም ስኳርን እንደሚያረግብም ይናገራሉ። እነዚህ ሁሉ ጤነኛ ሆድን የሚጠብቁ አጥሮች ናቸው። ቤት ሲቃጠል ግን አጥር አያድንም፤ እሳት አጥፊ መጥራት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ማጀት ያለው ቅመም ሌላ፣ በብልቃጥ የሚሸጠው ክኒን ሌላ ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በቦስተን አካባቢ ከተሸጡ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ማግኘቱን ገልጿል። «ባህላዊ ነው፣ አይጎዳም» የሚባለውን አትመኑ። ሰገራው የጠቆረ፣ ደም ያስታወከ፣ ያለ ምክንያት የከሳ ወይም ምግብ አልዋጥ ያለው ሰው ዛሬውኑ ሐኪም ይይ። ሒሳቡ በኋላ ይደረስበታል፤ እኔም በየወሩ እየቆራረጥኩ ከፍዬ ጨርሼዋለሁ።

አጂ አሁን በሕይወት የሉም። በቤታቸው ማንም ብቻውን እንዲበላ አይፈቅዱም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ልብ ያላልኩት ይህንን ነበር። አሁን በዕረፍት ቀኔ ያ ያዳነኝ ወጣት እኔ ቤት ይመጣል። በስድስት ሰዓት አንድ ትሪ ላይ እንቀርባለን። እሱ ያጎርሰኛል፣ እኔም አጎርሰዋለሁ። ከዚያ ወጥተን መንገዱን እንዞራለን። እርምጃውን የሚቆጥረው እሱ ነው። እናቴም ስትደውል እውነቱን እነግራታለሁ።

ቸር ይግጠመን።